የመጀመሪያውን የሚከራይ ቤት የት እንግዛ? ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ባልቲሞር፣ እየፈለግን የያዝነው ማስታወሻ

ጃንዋሪ፣ ከገና በኋላ

ዘንድሮ የሚከራይ ቤት እንገዛለን ብለን ቆርጠናል። እኔ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቴ አውቶቡስ ይነዳል። የምንኖርበት ቤት ሲልቨር ስፕሪንግ አለን። አሁን የምንፈልገው ሌላ ቤተሰብ የሚኖርበት፣ በኪራዩ ዕዳውን የሚከፍል፣ ከዚያም ጥቂት የሚያስተርፍ ቤት ነው። ትልቋ ልጃችን ኮሌጅ ለመግባት ስድስት ዓመት ቀርቷታል። ቤቱ እስከዚያ ድረስ መተንፈሻ እንዲሆነን ነው ሐሳባችን።

ወዳጅ ዘመድ ስለ ቤቱ ይጠይቀናል። ስንት መኝታ ነው? ቤዝመንቱ ያለቀለት ነው? እኔ ግን ከቤቱ በፊት ቦታው ይለይ ባይ ነኝ። በዋሽንግተን ዙሪያ ስንኖር በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ አሉ። በውስጣቸው ደግሞ ካውንቲዎቹ። ሁሉም የየራሱ ታክስ፣ የየራሱ የኪራይ ሕግና ፈቃድ አለው። ሁለት ቤቶች መልካቸው አንድ ሆኖ ባለቤቶቻቸው የሚከፍሉት ፈጽሞ ላይገናኝ ይችላል።

መስፈርታችንን ጽፈን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍነው። ከቤታችን በመኪና ከአንድ ሰዓት የማይርቅ። ቢያንስ ሦስት መኝታ። ኪራዩ ብድሩን፣ ታክሱንና ኢንሹራንሱን ከፍሎ፣ ለጥገናና ቤቱ ባዶ ለሚሆንባቸው ሳምንታት የሚቀመጠው ተቀንሶ፣ በወር ቢያንስ 200 ዶላር የሚተርፈው። ባለቤቴ 200 ዶላር ምን አላት አለ። እኔ ደግሞ ቦይለር እስኪበላሽ ጠብቅ አልኩት።

ጃንዋሪ፣ አጋማሽ

ከሎን ኦፊሰር (የባንክ ብድር ሠራተኛ) ጋር ተቀመጥን። እጃችን ላይ ወደ 70 ሺህ ዶላር አለ። ለሚከራይ ቤት የሚሰጠው ብድር ለምንኖርበት ቤት ከሚሰጠው ወለዱ ከፍ ይላል። ለእኛ 7 በመቶ ቆረጠልን። አንድ ቤተሰብ ለሚኖርበት ቤት ዳውን ፔይመንቱ (ከዋጋው በቅድሚያ የምንከፍለው) ከ15 በመቶ ይጀምራል። ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ቤት ያለበት ሕንፃ ከሆነ 25 በመቶ ነው። 15 በመቶ ብንከፍል በየወሩ የሞርጌጅ ኢንሹራንስ ይጨመርብናል፤ ስለዚህ 20 በመቶ ለመክፈል ወሰንን። የስድስት ወር ክፍያ ባንክ ውስጥ ተቀምጦ ማየትም ይፈልጋሉ። ይህንን ሁሉ ስንደምር የምንችለው ዋጋ ከ250 ሺህ አይበልጥም።

አንድ የምናውቀው ሰው ሌላ ምክር ነበረው። «እንኖርበታለን ብላችሁ ፈርሙና በኤፍኤችኤ 3.5 በመቶ ብቻ ክፈሉ፤ ማን መጥቶ ያያችኋል?» አለን። ኤፍኤችኤ የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ያለው የቤት ብድር ነው፤ ጥሩ ብድር ነው። እስከ አራት ቤት ያለበት ሕንፃ ገዝቶ አንዱ ውስጥ እየኖሩ ሌሎቹን ማከራየት ይቻላል። ግን ቢያንስ አንድ ዓመት በእውነት መኖር ግዴታ ነው። ሳይኖሩ እኖራለሁ ብሎ መፈረም ባንክን ማታለል ነው፤ የፌዴራል ወንጀል ነው። ይህ ምክር በየቡናው ላይ ስለሚሰማ ነው እዚህ የጻፍኩት። ልጅ የሌላችሁ ወጣቶች ግን በእውነት ገብታችሁ ብትኖሩበት ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። እኛ ልጆቹን ከትምህርት ቤታቸው ማንሳት አንፈልግም።

የዕቁቡ ነገር ደግሞ አለ። ከገንዘባችን ጥሩ ድርሻው የዕቁብ ነው። አበዳሪው የሁለት ወር የባንክ ወረቀት ያይና ከደመወዝ ውጪ የገባ ትልቅ ገንዘብ ካለ ከየት መጣ ይላል። እኛ እጣው የወጣልን በበጋ ስለሆነና ያኔውኑ ባንክ ስላስገባነው ጥያቄ አልመጣብንም። ሰሞኑን የሚደርሳችሁ ከሆነ ግን የዕቁቡን ዝርዝርና እናንተ በየወሩ የከፈላችሁበትን የዝውውር ወረቀት አስቀምጡ። የዕቁባችን ዳኛ እንዲህ ላለ ጉዳይ ደብዳቤ ጽፈው ይፈርማሉ። ጥሬ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ አንዴ አስገቡት። ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ሲሆን ባንኩ ሪፖርት ያደርጋል፤ ያ ምንም ችግር የለውም። ሪፖርቱን ለማምለጥ ብሎ እየከፋፈሉ ማስገባት ነው በሕግ የሚያስጠይቀው።

ጃንዋሪ መጨረሻ፣ እዚሁ ቤታችን አካባቢ

ከቅርቡ ጀመርን። ሲልቨር ስፕሪንግ መሀል፣ ሜትሮው አጠገብ፣ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶ (ሕንፃ ውስጥ ያለ አፓርትመንት) በ205 ሺህ። ሦስት መኝታ ባይሆንም በእግር የሚደረስ ስለሆነ አየነው። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ብርሃን አለው። የወር ወጪውን ስናሰላ ግን እንዲህ ሆነ። ብድሩ 1,091፣ ታክሱ ወደ 180፣ ለሕንፃው የጋራ ወጪ የሚከፈለው የኮንዶ ክፍያ 860። ድምሩ 2,131። ኪራዩ ቢበዛ 2,150። ገና ጥገና አልተቀነሰም።

የኮንዶ ክፍያ የብዙ ሐበሻ ችግር ነው። በቨርጂኒያ በኩል ቤይሊስ ክሮስሮድስ ያሉት ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥም ዋጋው ርካሽ ሆኖ ወርኃዊ ክፍያው ከባድ የሆነ ብዙ አለ። መብራትና ውሃ ውስጡ ስላለ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው። ግን ሌላም ምክንያት አለ። በ2021 ፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ ውስጥ የኮንዶ ሕንፃ ተደርምሶ 98 ሰው ከሞተ በኋላ ሁሉም ጠንቃቃ ሆኗል። ሜሪላንድ በ2022 ባወጣው ሕግ ኮንዶዎች በየአምስት ዓመቱ የመጠባበቂያ ገንዘባቸውን በባለሙያ እንዲያስጠኑ ግዴታ ነው። ጥናቱ ጣራው፣ ሊፍቱና ቦይለሩ መቼ እንደሚያልቁ፣ ስንት ብር መቀመጥ እንዳለበት ይናገራል። ለዓመታት ሳይቀመጥ የቆየ ገንዘብ አሁን በክፍያው ላይ እየተጨመረ ነው። ኮንዶ የምትገዙ ሰዎች ይህን ጥናት ሳታነቡ አትፈርሙ። የእኛ ሕንፃ ጥናት ሊፍቶቹ በቅርቡ መቀየር እንዳለባቸው ይላል። ዘጋነው።

በነገራችን ላይ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2023 የኪራይ ጭማሪን የሚገድብ ሕግ አውጥቷል። ጭማሪው ከዋጋ ንረት ላይ 3 በመቶ ተደምሮ፣ ቢበዛ 6 በመቶ ነው። በካውንቲው ውስጥ ከሁለት የማይበልጥ ቤት የሚያከራይ ግለሰብ ነፃ ይሆናል። ብዙ ሰው ሕጉን ፈርቶ ከካውንቲው ይሸሻል። ለእኛ ዓይነቱ ትንሽ አከራይ ግን የሚያስፈራው ሕጉ ሳይሆን የቤቱ ዋጋ ነው። በ250 ሺህ እዚህ ታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) አይገኝም።

ፌብሩዋሪ፣ ቨርጂኒያ

ለቨርጂኒያ ብዙ ቦታ አልሰጥም፤ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የኪራይ ጣሪያ የለም፣ የንብረት ታክሱ መካከለኛ ነው፣ ተከራይ ሞልቷል። ዉድብሪጅ ያየነው ታውንሃውስ 440 ሺህ ነው። 20 በመቶው ብቻ 88 ሺህ። አቅም አይፈቅድም። ዲሲም ያው ነው። ታክሱ ከሁሉም ዝቅ ያለ፣ ከቤቱ ግምት በየ100 ዶላሩ 85 ሳንቲም ነው። ዋጋው ግን አያስጠጋም።

ፌብሩዋሪ፣ አዲስ አበባ ለምን አይሆንም?

እናቴ ደወለች። «ልጄ፣ በሰው አገር ሁለት ቤት ከምትገዢ እዚህ አያት ወይም ሰሚት ኮንዶሚኒየም ብትገዢ እኔም አይልሽ ነበር» አለችኝ። ሐሳቧን አልናቅሁም። ማታ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን አሰብንበት።

ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ስላለን መግዛት እንችላለን። ችግሩ ብሩ ነው። በጁላይ 2024 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ሆነ። ኪራያችን በብር ይሆናል፤ የምንከፍልለት ኑሮ ግን በዶላር ነው። የኪራይ አዋጁም አለ፣ ቁጥር 1320/2016። ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት ነው፣ ጭማሪው በዓመት አንዴ መንግሥት በሚወስነው ልክ ነው፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ለተከራይ ጥሩ ሕግ ነው፤ እኔም እህቶቼ እዚያ ተከራይ ስለሆኑ ደስ ይለኛል። ብሩ በሚወርድበት ጊዜ ኪራዩን አብሮ ማስኬድ ለማይችል ሰው ግን የመጀመሪያ ኢንቨስትመንት አይሆንም። ወደፊት ለራሳችን ማረፊያ እንገዛለን። ያ ሌላ ሒሳብ ነው። ለእናቴም እንደዚሁ ነገርኳት። «አንቺ ካልሽ» አለችኝ፤ ደስ አላላትም።

ፌብሩዋሪ መጨረሻ

የባለቤቴ ጓደኛ ኦሃዮ፣ ኮለምበስ አለ። እዚያ በእኛ ገንዘብ ደህና ቤት ይገኛል ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን ሩቅ ቤት አስተዳዳሪ ይፈልጋል፤ አስተዳዳሪ ከኪራዩ 10 በመቶ አካባቢ ይወስዳል። ከሁሉ በላይ እኛ ገና አከራይነትን አልተማርንም። ቧንቧ ሲፈነዳ ሄደን በዓይናችን ማየት፣ ሠራተኛው ያለው ዋጋ ልክ መሆኑን ማወቅ እንፈልጋለን። ሁለተኛው ቤት ኦሃዮ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው አይሆንም።

ማርች መጀመሪያ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ

ሪቨርዴልንና ሃያትስቪልን ዞርን። ወደዚህ የሳበን የፐርፕል መስመር ባቡር ነው። ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን 16 ማይል፣ 21 ጣቢያ። ሥራው በ2017 ተጀምሮ በ2020 ሠሪዎቹ ጥለው ወጡ፤ አሁን ሌሎች ይዘውታል። ባቡሩ ሲመጣ ቤት ይወደዳል ብለን ነበር። ግን ሻጮቹም ያንን ያውቃሉ። ጣቢያ አጠገብ ያሉት ቤቶች ማስታወቂያቸው ላይ ባቡሩን ጽፈው ዋጋውን ከወዲሁ ጠይቀዋል። ገና ላልመጣ ባቡር ዛሬ መክፈል ለእኛ አይሆንም። ደግሞ ሃያትስቪልን የመሰለች ከተማ ውስጥ ከካውንቲው ታክስ በላይ የከተማዋ ታክስ ይጨመራል። ማስታወቂያ ላይ «ሃያትስቪል» የሚል አድራሻ ያለው ቤት ሁሉ ግን ከተማዋ ውስጥ አይደለም። ፖስታ ቤቱ የሚጠቀምበት ስምና የከተማዋ ወሰን ይለያያሉ። ይህንን የሚለየው የስቴቱ የንብረት መዝገብ ነው፤ ድረ ገጹ ላይ አድራሻውን ከትቶ ማየት ነፃ ነው።

ማርች፣ ባልቲሞር

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። ባልቲሞርን ከሁለት ሳምንት በላይ ስንዞር ቆይተናል፤ ቅዳሜ ጠዋት እኔ፣ በሥራ ቀን ደግሞ ባለቤቴ ከፈረቃው በኋላ።

የባልቲሞርን ዋጋ ያየ ሰው ይደነግጣል። ባለ ሦስት መኝታ፣ በጡብ የተሠራ፣ ታድሶ ያለቀ ሮውሃውስ (በረድፍ ተያይዞ የተሠራ ቤት) በ165 ሺህ ዶላር! ቤልኤር ኤዲሰን በሚባል ሰፈር። ሰፈሩ ሁለት ትልልቅ ፓርኮች አጠገቡ አሉ። ሰዎቹ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሰላም ይላሉ። ወድጄው ነበር። ኪራዩ 1,750 ያወጣል። ያለ ምንም ጥያቄ የሚገዛ ነው የሚመስለው።

መጀመሪያ ታክሱን አየሁ። የባልቲሞር ከተማ የንብረት ታክስ ከ100 ዶላር 2.248 ነው። የስቴቱ 0.112 ሲጨመር 2.36 ይሆናል። በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው የዓመት ታክስ 2,785 ዶላር ነው፤ ያን ያህል አይከብድም። ግን ያ የተሰላው ስቴቱ ቤቱን ከመታደሱ በፊት 118 ሺህ ብሎ በገመተው ላይ ነው። ሜሪላንድ ቤቶችን በየሦስት ዓመቱ እንደገና ይገምታል። ግምቱ ወደ ገዛንበት ዋጋ ሲጠጋ ታክሱ 3,894 ይሆናል። በዓመት ከ1,100 ዶላር በላይ ልዩነት ነው። ስለዚህ ዛሬ ያለውን ሳይሆን የሚመጣውን ይዤ ነው የማሰላው። ሌላም ወጥመድ አለ። ሻጩ እዚያው የሚኖር ባለቤት ከሆነ ሆምስቴድ የሚባል ቅናሽ አለው፤ ለታክስ የሚቆጠረው ግምት በዓመት ከ4 በመቶ በላይ አያድግበትም። ያ ቅናሽ የሰውየው ነው። ቤቱ ሲሸጥ ይቀራል፤ አከራይ ደግሞ አያገኘውም።

ቀጥሎ የመሬት ኪራይ። ይህን ሳነብ ለማመን ከብዶኝ ነበር። ባልቲሞር ውስጥ ቤቱን ገዝተው መሬቱ የሌላ ሰው የሆነባቸው ሮውሃውሶች አሉ። ለመሬቱ ባለቤት በየዓመቱ ጥቂት ገንዘብ ይከፈላል። ከ2007 ጀምሮ አዲስ መፍጠር ተከልክሏል፤ የድሮዎቹ ግን አሉ። ያየነው ቤት በዓመት 96 ዶላር አለበት። ብዙዎቹን አንዴ ከፍሎ መገላገል ይቻላል። በ1888 እና በ1982 መካከል ለተጻፉት ሒሳቡ የዓመቱን ክፍያ ለ0.06 ማካፈል ነው፤ ለዚህኛው 1,600 ዶላር ይመጣል። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም መኖሩን ሳያውቁ መግዛት የለም። እሱም በስቴቱ መዝገብ ላይ ይታያል።

ከዚያ የእርሳስ ቀለም። ሜሪላንድ ውስጥ ከ1978 በፊት የተሠራ የሚከራይ ቤት በየዓመቱ በስቴቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይመዘገባል። አዲስ ተከራይ ከመግባቱ በፊትም ተመርምሮ ወረቀት ማግኘት አለበት። ይህ የሚያስመርር ወረቀት አይደለም። ላብራቶሪ ውስጥ የሕፃናት ደም የእርሳስ ምርመራ ውጤት አያለሁ። የሚላጥ የመስኮት ቀለም ሕፃን ልጅ አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። የማከራየው ለቤተሰብ ነው። ስለዚህ «ከእርሳስ ነፃ» የሚል ሙሉ ወረቀት ያለው ቤት ቢገኝ ዋጋ ልጨምር ዝግጁ ነኝ።

ከተማዋ ከ2019 ጀምሮ አንድ ቤት ለሚያከራይም ፈቃድ ግዴታ አድርጋለች። ያለ ፈቃድ ኪራይ መሰብሰብ አይቻልም። ውሃውም በባለቤቱ ስም ነው የሚመጣው።

ሒሳቡ እንዲህ ወጣ። ብድሩ 878፣ ታክሱ 325፣ ኢንሹራንሱ 130፣ የመሬቱ 8። በድምሩ 1,341። ከ1,750 ላይ 409 ይቀራል። ለባዶ ሳምንታት 5 በመቶ፣ ማለትም 88 እናስቀምጥ። መቶ ዓመት ለደረሰ ቤት ለጥገና 15 በመቶ፣ 263 እናስቀምጥ። የሚተርፈው 58 ዶላር ነው።

ባለቤቴ የጥገናው 15 በመቶ በዛ አለ። እኔ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ቤት አሳየሁት። ሮውሃውስ ግድግዳው የጋራ ነው። የከተማዋ ኮድማፕ የሚባል ካርታ ላይ ባዶ ተብለው የተመዘገቡ ቤቶች ምልክት አላቸው። ካየነው ቤት ሁለት በር አልፎ አንድ አለ። ባዶ ቤት ጣራው ሲያፈስ ውሃው በጎረቤት ግድግዳ ይገባል። እሳት ሲነሳም እንዲሁ። በጃንዋሪ 2022 ባልቲሞር ውስጥ ባዶ ሮውሃውስ ውስጥ በተነሳ እሳት ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል። ቤቱን ማደስ የኛ ፈንታ ነው፤ የጎረቤቱን ባዶ ቤት ግን ምንም ልናደርገው አንችልም።

ባልቲሞር አይገዛባትም እያልኩ አይደለም። ከተማዋን የሚያውቁ፣ ጥገና በእጃቸው የሚሠሩ፣ እዚያው የሚኖሩ ሐበሾች ጥሩ እየሠሩባት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያከራይ፣ ከ40 ማይል ርቀት እየተመላለሰ ለሚሠራ ሰው ግን በወር 58 ዶላር ልቡን አያሳርፍለትም።

ኤፕሪል፣ ሃርፎርድ ሮድ

ነገሩን የቀየረው አንድ መንገድ ነው። ሃርፎርድ ሮድ ከባልቲሞር ከተማ ይነሳና ላውራቪልንና ሃሚልተንን አልፎ ፓርክቪል ይገባል። የሆነ ቦታ ላይ የከተማዋ ወሰን ያልቅና ባልቲሞር ካውንቲ ይጀምራል። ከተማዋና ካውንቲው ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ከ1851 ጀምሮ የተለያዩ መንግሥታት ናቸው። አውቶቡሱ ያው፣ ሱቁ ያው፣ ዛፉ ያው። ታክሱ ግን ከ2.248 ወደ 1.10 ይወርዳል።

200 ሺህ የተገመተ ቤት ወሰኑ ውስጥ ከሆነ ከስቴቱ ጋር በዓመት 4,720 ዶላር ይከፍላል። ወሰኑን ከተሻገረ 2,424። በወር 191 ዶላር ልዩነት አለ። እኛ የምንፈልጋት ትርፍ እዚህች መስመር ላይ ነው ያለችው። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ መኪናውን አቁሞ ካርታውን ከፈተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍለጋችን ከወሰኑ ማዶ ሆነ፤ ፓርክቪል፣ ሮዝዴል፣ ኤሴክስ።

እርግጥ ነው ቤቱ እዚያ ይወደዳል። ሻጩም ታክሱን ያውቃል፤ ዋጋው ላይ ጥቂቱ ገብቷል። ግን ሙሉው አልገባም፤ ኪራዩም አብሮ ከፍ ይላል። ተከራዩም ለትምህርት ቤቱና ለጸጥታው ብሎ የሚመርጠው ቦታ ነው።

ሮዝዴል ውስጥ ያየነው ቤት ተከራይ ነበረበት። የሜሪላንድ የ2024 ሕግ እንዲህ ያለ ቤት ሲሸጥ መጀመሪያ ለተከራዩ እንዲቀርብ ያዛል። ተከራይዋ ልግዛው ብላ እያሰበችበት ነው። እሷ ብትገዛው ይሻላል፤ እኛ ሌላ እንፈልጋለን።

ኤፕሪል መጨረሻ፣ ፓርክቪል

ተገኘ። በ1950ዎቹ የተሠራ የጡብ ታውንሃውስ፣ ሦስት መኝታ፣ ደረቅ ቤዝመንት፣ ጣራው በቅርቡ የተቀየረ፣ የውሃ መስመሩ መዳብ። ባለቤቱ አከራይተውት ስለነበር ከእርሳስ ነፃ የሚለው ወረቀት አለ። ወርኃዊ የማኅበር ክፍያ የለም። 249 ሺህ ጠየቁ።

ከመወሰናችን በፊት ዝናብ በሚጥልበት ቀን ማታ ሄድን። ጎረቤታቸው አንዲት ትልቅ አሜሪካዊት ሴት ናቸው፤ በረንዳቸው ላይ አገኘናቸውና ሰላም አልናቸው። ቤዝመንት ውስጥ ውሃ ገብቶባቸው ያውቅ እንደሆነ ጠየቅን። በእሳቸው በኩል አንድ ጊዜ፣ የጣራው ቱቦ በቅጠል ተደፍኖ ነው አሉ። ከማንኛውም ኤጀንት የተሻለ መረጃ ነው። ቱቦ ማጽዳት በዓመት ሁለቴ ወጪያችን ውስጥ ገባ።

240 ሺህ አቀረብን፣ ተቀበሉ። ሒሳቡ፦ ብድሩ 1,277፣ ታክሱ 242፣ የአከራይ ኢንሹራንስ 110። ድምር 1,629። ኪራዩ 2,200። ለባዶ ሳምንታት 110፣ ለጥገና 220 ተቀንሶ 241 ይተርፋል። ከማቀዝቀዣው ላይ ከተለጠፈው ይበልጣል።

ሜይ

ኢንስፔክተሩ ቤቱን ደህና ነው አለ። እኔ ግን የቆሻሻ ውሃ መስመሩን በካሜራ እንዲያዩልን ለብቻ ከፈልኩ። በዚያ ዘመን መስመሩ ከሸክላ ነው፤ መገጣጠሚያው ውስጥ የዛፍ ሥር ይገባል። ገብቷል። መንገዱ ጋ ሳይደርስ አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። ሻጩን አነጋገርን፤ በክሎዚንግ (የግዢው መዝጊያ) ወጪያችን ላይ 4,000 ዶላር ሊያግዙን ተስማሙ። ለሚከራይ ቤት እንዲህ ያለው እገዛ ከዋጋው 2 በመቶ እንዳይበልጥ አበዳሪዎች ይገድባሉ፤ የእኛ ከዚያ በታች ነው። በእጃችን የሚቀረው ገንዘብ ለመስመሩ ይውላል፤ ተከራይ ከመግባቱ በፊት እናሠራዋለን።

የዝውውርና የመመዝገቢያ ታክሱ ከስቴቱ ጋር 2.5 በመቶ አካባቢ ነው፤ ከሻጩ ጋር እኩል ተካፍለናል። ከተማው ውስጥ ቢሆን 3 በመቶ ነበር።

የቀሩ ሥራዎች። ለካውንቲው የኪራይ ፈቃድ ማመልከቻና ኢንስፔክሽን። የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ በየፎቁ። ውሉን ጠበቃ እንዲያየው። መያዣው ከአንድ ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፤ የስቴቱ ሕግ ነው። በመንግሥት የቤት ድጎማ የሚከፍል ተከራይ ቢመጣ በገቢው ምክንያት መመለስ ሜሪላንድ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ ክልክል ነው፤ እኛም መመለስ አንፈልግም። መጀመሪያ ለጠየቀንና ለሚያሟላ እንሰጣለን።

ክሎዚንጉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ባለቤቴ ፈረቃውን ቀይሯል። ቧንቧ ሠሪው ደግሞ ሰኞ ጠዋት ይመጣል።